ነጩና ቢጫው በአንድ ጉሮሮ

«ከእኔ እጅ ኪኒን ሳይውጥ ያመለጠ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም!» አለች ንጋቷ፣ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ። «ድንጋይ አምጡልኝ፣ ድንጋዩን አስውጠዋለሁ። ግመል አምጡልኝ፣ አፉን አስከፍቼ እስከ ማንቁርቱ አሳያችኋለሁ!»

ይህን የተናገረችው ጅጅጋ መናኸሪያ አጠገብ፣ በእናቷ በእናትአለም ሻይ ቤት በር ላይ ቆማ ነው። ከበሩ ጥላ ሥር የተቀመጠው ካሂን፣ የከብት ተራው ደላላ፣ በመፋቂያው ጥርሱን እየፋቀ ቀና ብሎ አያት።

«ግመሉ አፍ ውስጥ ስታስገቢ ጣቶችሽን ቆጥረሽ አስገቢ» አላት። «ስታወጪም እንደገና ቁጠሪ።»

ሰው ሳቀ። ንጋቷ ግን ሳቅ የምትፈራ ልጅ አይደለችም። የለበሰችውን ነጭ ጋውን እጅጌ ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጋ፣ የመድኃኒት ሣጥኗን በብብቷ ሸጉጣ፣ እንደ ሹም እየተንጎራደደች ሄደች። ጋውኑ ለትልቅ ሰው የተሰፋ ስለነበር ከኋላዋ አቧራ ይጠርግ ነበር።

ንጋቷ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ያቋረጠችው አምስተኛ ክፍል ላይ ነበር። እናቷ ለጠየቃት ሁሉ «አእምሮ አንሷት አይምሰልህ፣ አፍ በዝቶባት ነው» ትላለች። አባቷ ከደብረ ብርሃን በወታደርነት መጥቶ ጅጅጋ ላይ ጎጆ ቀለሰና፣ ወደ ሌላ ግንባር ተዛውሮ በዚያው ቀረ። ልጅቷ አማርኛውን ከእናቷ፣ ሶማልኛውን ከሰፈሩ ለቅማ፣ በሁለቱም ቋንቋ ሰው መስደብ የሚያስችል እውቀት ነበራት። የማታውቀው ቤት፣ የማያውቃት ውሻ አልነበረም። ሥራ ያገኘችውም በዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት በልጉ ጠግቦ ዘነበ። ጅጅጋ ነፋሻ ስለሆነች ወባ እምብዛም አይደፍራትም ነበር። የዚያን ዓመት ግን ቆላ ደርሶ የመጣው ሁሉ፣ ከብት ነጂውም ሾፌሩም ነጋዴውም፣ ትኩሳቱን ይዞ ገባ። በየሜዳው የተኛው የዝናብ ውሃ ደግሞ ትንኙን ፈለፈለው። ሰው እየተንቀጠቀጠ ነጩን ኪኒን፣ ክሎሮኪን የሚሉትን መራራ፣ ይውጣል። ገላውን ያሳክከዋል፣ እንደ እከክ ያለበት ፍየል ግድግዳ ለግድግዳ ይታሻል፣ ከዚያ ደህና ይሆናል። ደህና ሆንኩ ብሎ ሳይጨርስ እንደገና ብርድ ብርድ ይለዋል። ነጩ ኪኒን እንደ ድሮው አልሆነም።

ለዚህ ነው ዶክተር አምሀ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር የመጡት። ዝምተኛና ቀጭን፣ ጢማቸው ከሰውነታቸው የሚከብድ ሰው ናቸው። አብሯቸው ማይክሮስኮፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተሻለ መጣ፤ የሰው ደም በመስታወት ላይ እያየ ተውሳክ የሚለቅመው ባለሙያ እሱ ነው። የመጡበት ጉዳይ አዲስ ሕክምና ለመሞከር ነበር፤ ነጩን ኪኒን ከአንድ አዲስ ቢጫ ኪኒን ጋር አጣምሮ መስጠት። ተውሳክ የተገኘበት ሰው፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ለሦስት ቀን ሁለቱን አብሮ ይውጣል። ሳምንት ቆይቶ ጣቱ ተወግቶ ደሙ ይታያል። በታችኛው ሰፈር የምታስውጠው ነርሷ ብርቄ ስትሆን፣ በላይኛው ሰፈር ቋንቋና ቤት የምታውቅ ስትፈለግ ንጋቷ ተገኘች።

ዶክተሩ ሥራውን ሲያስረዷት እንዲህ ብለዋት ነበር፤ «ተውሳኩ ሌባ ነው በይ። ነጩ ኪኒን የፊቱን በር ይዘጋበታል፤ ሌባው ግን የጓሮውን በር ለምዷል። ቢጫው የጓሮውን ይዘጋል። ቢጫውን ብቻ ብንሰጥ ደግሞ በፊት ለፊት ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ጉሮሮ። ገባሽ?»

«እንዴታ፣ ዶክተር!» ብላ መለሰች። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ጊዜ ገና የተሰጣትን ጋውን እያየች ነበር። ኪሱ ሦስት ነው፤ አንዱ ደረት ላይ፣ ለእስክሪብቶ። እስክሪብቶ ከየት እንደምታመጣ እያሰበች ሌባው ገብቶ ወጣ።

ሰፈር ስትደርስ ታዲያ ሰው ጠየቃት። ምንድን ነው ይሄ ሁለት ዓይነት? አላውቅም ማለት ደግሞ ንጋቷ ያልፈጠረባት ነገር ነው።

«ነጩማ» አለች፣ የማታውቀውን ስትናገር ድምፅዋ ይጎላ ነበር፣ «ነጩ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ዕድሜ ልኩን ተዋግቶ ደክሞታል። ቢጫው ኮማንዶ ነው! ከሰማይ በጃንጥላ የሚወርድ! ነጩ አብሮ የሚሄደው ለመንገድ ማሳየት ብቻ ነው።»

ወታደር ለሞላበት ከተማ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ካሂን ራሱ፣ በሰው ነገር ሁሉ እንከን የሚያወጣው ሰውዬ፣ «ይሄ እንኳን ያስኬዳል» አለ።

ከሕመምተኞቹ ሁሉ ንጋቷን እንቅልፍ የሚነሳት አንድ ሰው ነበር፤ ሹክሪ። ሹክሪ የግመል ወተት ነጋዴ ናት፣ ከእናትአለም ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን። ንጋቷ ስትወለድ የእናቷ ጡት ደርቆ ነበርና ሹክሪ ወተት በማንኪያ እያጠጣች አቆየቻት። ስለዚህ ንጋቷ «ኤዶ» ትላታለች፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ያቺ ስትጣራ ከመናኸሪያው ማዶ የምትሰማ ሴት ወባው እየሄደ እየተመለሰባት ከስታ፣ ዓይኗ ገብቶ፣ የወተት ዕቃዋን ማንሳት እስኪያቅታት ደክማ ነበር። ለሙከራው ስሟን ያስገባችው ንጋቷ ናት። «ኤዶ፣ በኔ ይሁንብሽ። ካልዳንሽ እኔን በዱላ ምቺኝ» ብላ።

ያ ወቅት ደግሞ የክርስቲያኑ ሁዳዴና የእስላሙ ረመዳን የተገናኙበት ነበር። ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነው። ሼኹ ለታመመ ሰው መድኃኒት ይፈቀዳል ብለው ነበር፤ ሹክሪም «ሼኹ ደግ ሰው ናቸው» ብላ አልፋው ነበር። ንጋቷ በቀን ኪኒኑን ይዛ ስትመጣ ግን አልተከራከረቻትም። ነጩንና ቢጫውን በመዳፏ ተቀብላ አፏ ላይ ለጠፍ ታደርጋለች፣ አንገቷን ሰበቅ፣ ፊቷን ጭምድድ፤ አለቀ።

«ውሃስ፣ ኤዶ?»

«በምራቄ!»

«አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ።»

ባዶ ነው። ወባው እሱንም ይዞት ስለነበር ካሂንም ዘንድ እንደዚሁ። ሌሎቹም ዘንድ እንደዚሁ፤ ሁሉም በምራቃቸው። ንጋቷ ለዶክተሩ «የእኔ ሕመምተኞች ጀግኖች ናቸው፣ የብርቄዎቹ በውሃ ይውጣሉ፣ የእኔዎቹ ያለ ውሃ!» ብላ አወራች። ዶክተሩም ጢማቸውን እየነኩ አደነቁ።

ሳምንቱ ሲደርስ ጣት ተወጋ፣ መስታወቱ ተቀባ፣ ተሻለ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋ። የታችኛው ሰፈር ደም ንጹሕ። የላይኛው ሰፈር፣ የንጋቷ ሰፈር፣ አንዱ አለበት፣ ሌላው አለበት፣ ካሂን አለበት። ሹክሪ ደግሞ ከሁሉ የባሰ።

«እንደ ጤፍ ነው የተዘራባት» አለ ተሻለ፣ ዓይኑን እያሸ።

ዶክተር አምሀ ራሳቸው አዩት። ደግመው አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና መሬት መሬት ማየት ያዙ።

«እዚያ የሠራ መድኃኒት እዚህ ምን አገኘው?» አሉ። «አንድ ከተማ፣ አንድ ወባ። ይሄ ከሆነማ ጥምሩ የሚታመን አይደለም ማለት ነው። ዕቃችንን መሸከፍ ነው።»

«ኤዶ ሹክሪስ?» አለች ንጋቷ።

«እሷን አንዴ እንድገምላት። በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳቷ ካልበረደ ሐረር ሆስፒታል ትሄዳለች። ደሟ በጣም አንሷል፣ ንጋቷ። ከዚህ በላይ ማቆየት አልችልም።»

ይህን ለሹክሪ የሚነግር ሰው ሲፈለግ ማን እንደተላከ ታውቁታላችሁ። ሹክሪ በምንጣፏ ላይ ተጋድማ፣ ሻሿ በላብ ርሶ ሰማቻት።

«ሐረር?» አለች። «ከካራማራ ተራራ ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም፤ አሁን በመኪና ተንገጫግጬ ልሙት? ሂጂና ለዶክተርሽ ንገሪው። የሞትኩ እንደሆነ ግመሎቼን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው የምሞተው።»

«ማን ሞትን አነሳ፣ ኤዶ? እንኪ፣ ይቺን ደግመሽ ዋጪ። በምራቅሽ።»

ለጠፍ፣ ሰበቅ፣ ጭምድድ። አፍ ባዶ። ንጋቷ ወጣች። መንገድ ላይ ልጆች «ዶክተር ጋውኗ! ዶክተር ጋውኗ!» ብለው ተከተሏት፣ እሷ ግን እርምጃዋን አፈጠነች። ሻይ ቤት ደርሳ ከእናቷ ጎን ሳምቡሳ መጠቅለል ጀመረች፤ ጠቀለለች፣ ጠቀለለች።

እናትአለም ቀና ብላ አየቻት። «ዛሬ አፍሽን የት ጥለሽው መጣሽ?»

«ኤዶ ሹክሪ ልትሞት ነው፣ እማዬ።»

እናትአለም እጇን ከሊጡ አወጣች። ስታለቅስ ታይታ የማታውቅ ሴት ነች፤ አሁንም አላለቀሰችም። ከዘይቱ ውስጥ በደንብ የቀሉትን ሳምቡሳዎች መርጣ በሰሐን ደረደረች። የምስር ስለሆኑ ለሁለቱም ጾም ይሆናሉ። «አዛን ሳይል አድርሺላት» አለች። «ትኩሱን ታፍጥርበት። ሂጂ፣ አታልቅሺብኝ ዘይቱ ላይ፣ ይፈናጠራል።»

ንጋቷ ሰሐኑን ይዛ የጎረቤቷን መጋረጃ ልትገልጥ ስትል ከመስጊዱ አዛኑ ተሰማ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሹክሪ ተነሥታ ተቀምጣ አየቻት። ሹክሪ ተምር ጎረሰች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ፣ የገበያ ሴቶች ሳንቲም የሚቋጥሩበትን፣ ፈታች። ከቋጠሮው ሁለት ኪኒን ወጣ፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ቢጫ።

ቢጫውን ወደ አፏ ጣለችና በትልቅ ኩባያ ውሃ አወራረደችው። ነጩን ግን እጇን ዘርግታ ከአልጋው ሥር ባለ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጨመረችው። ኪል አለ። ጣሳው ባዶ አልነበረም።

ንጋቷ ሰሐኑን እንደያዘች ገባች።

«ኤዶ!»

ሹክሪ ደንገጥ አላለችም። «ግቢ፣ ሳምቡሳው ይቀዘቅዛል።»

«በምራቄ ያልሽው!»

«በጾም ቀን ምራቄንም አልውጥም፣ ወላሂ። ከአዛን በኋላ ግን ይኸው ዋጥኩት። ምን ጎደለ?»

«ነጩ ነዋ የጎደለው! ነጩን ለምን ጣልሽው?»

«መድኃኒት ይጣላል እንዴ?» አለች ሹክሪ፣ አሁን እውነትም ተቆጥታ። «እህቴ አዲጋላ ናት። ባቡር ጣቢያው አጠገብ። እዚያ ወባ ከባቡሩ ቀድሞ ነው የሚደርሰው፣ መድኃኒት ደግሞ ባቡሩ ካለፈ በኋላ። ለእሷና ለልጆቿ ነው የማጠራቅመው። ካሂን የራሱን አምጥቷል፣ የሰፈሩም ሰው የየራሱን አምጥቷል። ሐሙስ በሚሄደው መኪና ይላካል። እኛ ኮማንዶ እየዋጥን እነሱ ባዷቸውን ይቅሩ?»

ንጋቷ ጣሳውን ጎትታ ወደ ውስጥ አየች። ነጭ በነጭ ነው። የሰፈሩ ወባ ሁሉ ምክንያቱ እዚያ ተኝቷል።

«ማነው ነጩ አያስፈልግም ያለሽ?» አለች።

ሹክሪ ትክ ብላ አየቻት። «ናያ! አንቺ ልጅ! አንቺው አይደለሽ እንዴ? ጡረታ ወጥቷል፣ ደክሞታል፣ መንገድ ያሳያል። እኔን ደግሞ ሁለት ጊዜ ከድቶኛል፤ የከዳኝን ሰው ለምን ደግሜ ቤቴ አስገባለሁ?»

ንጋቷ ሰሐኑን አስቀመጠች። ያ ሌባ፣ የፊቱ በር፣ የጓሮው በር፣ ጋውን ስታይ ያመለጣት ሁሉ አሁን ተሰልፎ መጣባት። ጣሳውን ታቅፋ ሮጠች።

ዶክተር አምሀና ተሻለ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሽሮ እየበሉ ነበር። ካሂንም አፍጥሮ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ንጋቷ ጣሳውን ከነድምፁ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዶክተር» አለች፣ «አንድ ሰው አለ። ስሙን አልናገርም። ይሄ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ ነጩ ኪኒን አይረባም፣ ቢጫው ብቻ ነው ጀግናው ብሎ አውርቷል። ሰዉም አምኖት ነጩን ትቷል። ሰውየው ግን ልቡ ጥሩ ነው፣ ምናልባት ሥራ በዝቶበት...»

«ስሟን እኔ ልንገርዎ?» አለ ካሂን።

«ዝም በል፣ አንተ! አንተስ በምራቄ ብለህ አይደል ያሞኘኸኝ?»

«እኔ ምን አደረግኩ? ግመል አፍ አስከፍታለሁ አልሽ፣ አፌን ከፈትኩልሽ። እጄን ክፈት አላልሽኝም።»

ዶክተሩ ጣሳውን ወደ ራሳቸው ስበው ወደ ውስጥ አዩ። ንጋቷ ጋውኑን ማውለቅ ጀመረች፤ አንዱን እጅጌ አውጥታ ሌላው ላይ ተጠላለፈባት። «እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አለች እጅጌው ውስጥ ሆና። «ያን ቀን የነገሩኝን አልሰማሁም። እኔን ያባሩኝ፣ ኤዶ ሹክሪን ግን ሐረር አይላኩብኝ።»

ዶክተር አምሀ ጎርሰው የነበረውን ዋጡ። ከዚያ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ፤ ሳቁ። ሳቁ ከጢማቸው ሥር ተጀምሮ ትከሻቸውን አንቀጠቀጠው፤ ተሻለ ወባ የያዛቸው መስሎት ግንባራቸውን ሊነካ እጁን ዘረጋ።

«አልከሸፈም!» አሉ። «ተሻለ፣ ሰማህ? መድኃኒቱ አልከሸፈም! ሰዉ ሁለቱን አብሮ አልዋጠማ! ምን ያህል ጊዜ ነው እንቅልፌን ያጣሁት!» ሳቁን ገቱና ወደ ንጋቷ ዞሩ፤ አሁን ፊታቸው የሐኪም ፊት ነበር። «በይ ልበሺ ያንን ጋውን። መጀመሪያ ግን ንገሪኝ። ነጩ ምን ያደርጋል?»

«የፊቱን በር ይዘጋል።»

«ቢጫው?»

«የጓሮውን።»

«አንዱ ብቻ ከሆነ?»

«ሌባው ያመልጣል» አለች ንጋቷ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እስካሁንም እኔ ነበርኩ በር ስከፍትለት።»

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ ዶክተሩ። «ጾመኛ ሰው ቤት በጠራራ ፀሐይ ኪኒን መላክ! ከዛሬ ጀምሮ የላይኛው ሰፈር በአዛን ሰዓት ነው የሚውጠው። እኔም እመጣለሁ።»

ወዲያው ወደ ሹክሪ ቤት ሄዱ። ንጋቷ ከፊት፣ ዶክተሩ ከኋላ፣ ካሂን ሳይጠራ፣ እናትአለም ሻይ በፔርሙስ ይዛ። ንጋቷ ለሹክሪ የበሩን ነገር ስታስረዳት እጇን እያወናጨፈች፣ ግድግዳውን በር፣ መጋረጃውን ጓሮ እያደረገች ነበር። ሹክሪ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«የመጀመሪያ ቀን ይህን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች። «እህቴስ?»

ንጋቷ ለዶክተሩ አስተረጎመች።

«ነጩን ብቻ ብትልኪላት አንቺን እንዳደረገሽ ያደርጋታል» አሉ። «እዚህ መሥራቱን ካየን ቀጥለን የምንሄደው ቆላ ነው። አዲጋላ አለበት። ነጩንም ቢጫውንም ይዤላት እሄዳለሁ።»

ቅድም የዋጠችው ቢጫ ቢደገም እንደማይጎዳትም ነገሯት። ሹክሪ መዳፏን ዘረጋች። ንጋቷ ግን ያቺን መዳፍ አሁን ታውቃታለች፤ ኪኒኖቹን በራሷ ጣት ምላሷ ላይ አኖረችላት፣ አንዱን ከሌላው አጠገብ። ውሃው ተከተለ። ነጩ ሲመራት ሹክሪ ያወረደችው እርግማን አይተረጎምም። ከዚያ እንዳይመልሳት ትንሽ ወተት ሰጧትና ሁሉም ተቀምጠው ጉሮሮዋን ያዩ ጀመር፣ ከዚያ የሚወጣ እንግዳ እንዳለ ሁሉ።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች ሹክሪ። «ሳምቡሳውን ብሉ።»

በማግስቱ ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ንጋቷ የላንድሮቨሩን ሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ለሐረር የተነሣ እየመሰላት ትሮጥ ነበር። አመሻሹ ላይ ደግመው አስዋጧት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ንጋቷ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ላይ ማን እንደሆነ አላወቀችውም። ሹክሪ አህያዋን እየሰደበች ነበር። የአህያዋን እናት፣ የአህያዋን አያት፣ አህያዋን የሸጠላትን ሰውዬ ሳይቀር በየተራ እያነሣች፣ ከመናኸሪያው ማዶ እስኪሰማ።

እናትአለም ማንደጃዋን እያራገበች ቆመች። «ተመስገን» አለች፣ ተቀመጠችም። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ያውም እየሳቀች፣ በማራገቢያው ፊቷን ሸፍና።

ጣት የሚወጋበት ቀን ሲደርስ ተሻለ ማይክሮስኮፑን የተከለበት የወባ መሥሪያ ቤት ግቢ በላይኛው ሰፈር ሰው ሞልቶ ነበር። ሹክሪ ከቤቷ በእግሯ መጣች፣ ያውም የወተት ዕቃዋን ይዛ፣ መንገድ ላይ እየሸጠች። ተሻለ መስታወቱን ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገብቶ ተደፋ። አየ። ገፋ አድርጎ አየ። ንጋቷ ከአጠገቡ ቆማ ትንፋሿን ያዘች፣ አላስቻላትም፣ ለቀቀች።

«ጋሼ ተሻለ፣ አለ ወይስ የለም? ሰው እኮ እየሞተ ነው እዚህ!»

«ማን ነው የሚሞተው?»

«እኔ!»

ተሻለ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዶክተሩን አያቸው፣ ሹክሪን አያት፣ ከዚያ እጆቹን ባዶ አድርጎ ዘረጋ። «ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የለም። አንድም።»

ግቢው በእልልታና በአልሐምዱሊላህ ተደበላለቀ። የካሂንም ንጹሕ ሆነ፣ ከኋላው የነበሩትም። ዶክተር አምሀ «ገና ነው፣ ገና ብዙ ሰው ማየት አለብን፣ በየሳምንቱም እየመጣችሁ ትታያላችሁ» ይላሉ፤ ጢማቸው ግን በፈገግታ ወደ ጎን ተከፍሎ የሚሉትን አያስመስልባቸውም። ካሂን የዶክተሩን እጅ እንደ ከብት ዋጋ ተስማምቶ እንደጨረሰ ሰው ጨብጦ አልለቅም አለ። ሹክሪ ለሁሉም ወተት ልቅዳ አለች፤ ሁዳዴና ረመዳን መሆኑ ትዝ ሲላት እሷው ሳቀች።

ንጋቷ ይህን ሁሉ አየች። ደረቷ ሰፋ፣ ወገቧን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጋውኑም ከነአቧራው ከኋላዋ ተዘረጋ። ለመናገር አንድ ጉቶ ላይ ወጣች።

«እንግዲህ ስሙኝ!» አለች። «ጣሳውን ማን አገኘው? እኔ! ለዶክተሩ ማን ነገራቸው? እኔ! ኤዶን ከሐረር መንገድ ማን መለሳት? እኔ! ሐቁን እንናገር ካልን፣ እኔ ባልኖር ኖሮ ኤዶ ሹክሪ ዛሬ የት ነበረች?»

ሹክሪ የወተት ዕቃዋን ከድና አነሣችና ወደ በሩ እየሄደች መለሰችላት።

«አንቺ ባትኖሪማ ኖሮ ያኔውኑ ድኜ ነበር።»